ላሙ ደሴትን ለመጎብኘት፦ በባሕሩ ሰዓት የሚመራ ዝርዝር መመሪያ

ኬንያ ውስጥ ላሙ ደሴት ሄደው ከተመለሱ ሰዎች ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው። የጥንቱን የታክዋ ከተማ ፍርስራሽ ለማየት በጀልባ ተነስተው ጭቃ ላይ ቀሩ። የሸራ ጀልባ ተከራይተው በጠራራ ፀሐይ ነፋስ ሲጠብቁ ዋሉ። ጀልባ የሚሠራበትን መንደር ዓርብ ሄደው ባዶ አገኙት። የመልስ አውሮፕላናቸውን ከማዶ ሆነው ሲነሳ አዩት። አብዛኞቹ ገንዘብም ፍላጎትም አላነሳቸውም። ስህተቱ ፕሮግራማቸውን በሆቴልና በአየር መንገድ ሰዓት ማውጣታቸው ነው፤ እዚያ ግን ሰዓት የሚቆርጠው ባሕሩ ነው።

አብዛኞቻችን ባሕር እያየን ስላላደግን ይህን ማንም አይነግረንም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተሉ ተከተሉ። ሌላውን ብታሳጥሩ እንኳ ደረጃ 2ን አትዝለሉ።

ደረጃ 1፦ ወሩን ምረጡ

ላሙ ላይ ዓመቱ በሁለት ነፋስ ይከፈላል። ካስካዚ የሚሉት ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ነው፤ ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት አጋማሽ ይቆያል። ኩሲ ደግሞ ከደቡብ ይመጣል፤ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ መስከረም የሚነፍስ ሲሆን ሰኔና ሐምሌ ላይ ይበረታል። የውቅያኖሱ ነጋዴዎች በአንዱ መጥተው በሌላው ይመለሱ የነበረው በእነዚህ ነፋሶች ነው።

1. ባሕር ላይ ስትወጡ የመጀመሪያችሁ ከሆነ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ።
2. ያ ካልተመቸ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ ጥቅምት ያለውን ያዙ። ነፋሱ አለ፤ ዝናቡ ግን አልፏል።
3. ከሚያዝያ እስከ ሰኔ አጋማሽ አትሂዱ። ትልቁ ዝናብ የሚወርድበት ጊዜ ነው፤ ብዙ ማረፊያዎችም ግንቦትና ሰኔ ላይ ይዘጋሉ። ርካሽ ዋጋ ካያችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።
4. ረመዳን መቼ እንደሚውል አረጋግጡ። በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ ወደኋላ ስለሚሸሽ ባለፈው ዓመት ቀን አትመኩ። በጾሙ ወር ቀን ላይ ምግብ ቤት ማግኘት ያስቸግራል፤ ሰዎችም ሥራቸውን ቀደም ብለው ያቆማሉ።
5. የመውሊድ በዓል ሲሆን ከተማው ከየአቅጣጫው በሚመጡ ሰዎች ይሞላል። በዓሉን ማየት ከፈለጋችሁ ማረፊያ ከወራት በፊት ያዙ፤ ካልፈለጋችሁ ያንን ሳምንት ተዉት።

ደረጃ 2፦ ጨረቃን አይታችሁ ቀኑን ቁረጡ

ይህ የጉዞው ልብ ነው፤ ትንሽ ታገሱና አንብቡት።

*ባሕሩ እንዴት ይሠራል?* በላሙ ዙሪያ ባሕሩ በቀንና ሌሊት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከሙላት እስከ ጉድለት ስድስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይወስዳል። ሙላቱ በየቀኑ በ50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይመጣል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ከፍተኛ ነው፤ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ከ3 ሜትር በላይ ሊሆን ይችላል። የአካባቢው ሰዎች ይህን ባምቩዋ ይሉታል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ልዩነቱ ያንሳል፤ ማጂ ማፉ፣ ማለትም የሞተ ውኃ፣ የሚሉት ያን ጊዜ ነው።

ለእናንተ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ በዚህ የባሕር ዳርቻ ሙሉ ጨረቃና አዲስ ጨረቃ ባለበት ቀን ሙላቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓትና ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ይሆናል፤ ጉድለቱ ደግሞ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ። በዚያ ቀን ጠዋት ወደ ማንግሮቭ (በባሕር ዳር ጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅል ደን) በጀልባ እገባለሁ ብሎ የተነሳ ሰው የሚያገኘው ጭቃ ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ቀን በኋላ ግን ሙላቱ ወደ ጠዋት 2፣ 3 እና 4 ሰዓት ይመጣል።

*ውኃው እኩል አይወርድም።* ይህን ያላወቀ ሰው ነው ጭቃ ላይ የሚቀረው። ልዩነቱ 3 ሜትር ነው እንበል። ከሙላቱ በኋላ በመጀመሪያው ሰዓት 25 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለተኛው 50፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ግን በእያንዳንዱ 75 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ከዚያ መልሶ ይዘገያል። በመጀመሪያው ሰዓት «ገና ብዙ ውኃ አለ» የሚያሰኘው ይህ ነው። በሦስተኛው ሰዓት ጀልባው መሬት ይነካል።

*አሁን ሥሩ፦*

1. የላሙን የሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ ከኢንተርኔት አውጡ። የሞምባሳውን (ኪሊንዲኒ ተብሎ ይጻፋል) ብቻ ካገኛችሁ እሱን ተጠቀሙና በግራና ቀኙ የግማሽ ሰዓት መጠባበቂያ ያዙ።
2. በሰንጠረዡ ላይ ያለውን ሰዓት ወደ እኛ ሰዓት ቀይሩ። ኬንያና ኢትዮጵያ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ስለሆኑ 6 መቀነስ ብቻ ይበቃል፤ 09:20 የሚለው ጠዋት 3:20 ነው።
3. ቢያንስ አራት ሌሊት የምታድሩበትን ሳምንት ምረጡ፤ ከእነዚያ ቀናት ቢያንስ በሁለቱ ሙላቱ ጠዋት ከ2 እስከ 5 ሰዓት መካከል ይዋል።
4. የአራቱንም ቀን ሙላትና ጉድለት በወረቀት ጻፉ። ስልክ ባትሪው ያልቃል፣ ውኃም ይነካዋል።
5. ቲኬት የሚቆረጠው ከዚህ በኋላ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

*የሰዓት ወጥመድ።* ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛ ከንጋት ጀምረው ነው፤ ቃሉም «ሳአ» ነው፣ የእኛው ሰዓት። «ሳአ ታቱ አሱቡሂ» ማለት ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ ልክ እንደ እኛ። ከጀልበኛው ጋር በስዋሂሊ ከተነጋገራችሁ ምንም አትቀንሱ። በእንግሊዝኛ ሲያወራችሁ ግን በፈረንጅ ሰዓት ሊናገር ይችላል፤ አየር መንገዱና ሆቴሉም እንዲሁ። ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ ሁልጊዜ «ከቁርስ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብላችሁ አጣሩ። ሌሎች ጎብኚዎች የሚደናገሩበትን ይህን ነገር እኛ በቀላሉ እንይዘዋለን፤ በሁለቱ መካከል ስንዘል ግን እንሳሳታለን።

ደረጃ 3፦ ሰነድ፣ ቲኬትና ገንዘብ

1. *ፓስፖርት።* የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለአጭር ጉብኝት ኬንያ ለመግባት ቪዛ አይጠየቅም። ሆኖም ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2024 የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ሥርዓት ጀምራ ዝርዝሩን ደጋግማ አሻሽላለች። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ የዕለቱን ደንብ እዩ። የሌላ አገር ፓስፖርት ያላችሁ ፈቃዱ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።
2. *የቢጫ ወባ ካርድ።* ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት ተከተቡ፤ ካርዱ ከዚያ በፊት ዋጋ የለውም። አንዴ ከተከተባችሁ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር ያዙ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ።
3. *ወባ።* ላሙ ሞቃታማ ቆላ ነው። ደጋ ያደገ ሰው መከላከያ መድኃኒት ስለመውሰድ ከመሄዱ ሁለት ሳምንት በፊት ሐኪም ይጠይቅ። አጎበር ያለው ክፍል ያዙ።
4. *የአገር ውስጥ በረራ።* ከናይሮቢ ወደ ላሙ ከሁለት አውሮፕላን ማረፊያ ይነሳል፤ ከጆሞ ኬንያታና ከዊልሰን። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው የናይሮቢ የመኪና መጨናነቅ ሰዓታት ሊበላ ይችላል። ከአዲስ አበባ የምታርፉት ጆሞ ኬንያታ ነው። የላሙ ቲኬታችሁ ከየትኛው እንደሚነሳ ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ።
5. *በመኪና አትሂዱ።* ከሞምባሳ ተነስቶ ሞኮዌ በሚባለው የጀልባ መሳፈሪያ የሚያበቃ የአውቶቡስ መንገድ አለ። በዋናው መሬት በኩል ያለው የላሙ አካባቢ የታጣቂዎች ጥቃት የደረሰበት ነው፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2014 ምፔኬቶኒ ላይ ብዙ ሰው ተገድሏል። ዋጋው ቢያማልልም በአውሮፕላን ሂዱ። ከመነሳታችሁ በፊት የሳምንቱን የጸጥታ ዜና ተከታተሉ።
6. *ገንዘብ።* የውጭ ምንዛሪያችሁን ከባንክ በሕጋዊ መንገድ ይዛችሁ ውጡ። ናይሮቢ ላይ ወደ ኬንያ ሺሊንግ ቀይሩና ግማሹን በትናንሽ ኖት ተቀበሉ። ላሙ ከተማ ውስጥ ኤቲኤም አለ፤ በአንድ ማሽን ላይ የተንጠለጠለ ጉዞ ግን አታቅዱ። ናይሮቢ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በፓስፖርታችሁ የኬንያ ሲም አውጡና ኤምፔሳ አስከፍቱ። የሙዚየም መግቢያን ጨምሮ ብዙ ክፍያ በሞባይል ይጠየቃል።

ደረጃ 4፦ ሻንጣ

በትናንሾቹ አውሮፕላኖች የሚፈቀደው ክብደት ብዙ ጊዜ 15 ኪሎ ነው፤ ሻንጣውም ለስላሳ እንዲሆን ይመረጣል። ጎማ ያለው ደረቅ ሻንጣ ላሙ ላይ ሸክም ነው። በአሮጌው ከተማ መኪና የሚገባበት መንገድ ስለሌለ ዕቃው የሚሄደው በሰው ትከሻ ወይም በአህያ ጀርባ ነው።

- ልብስ በፌስታል አትጠቅልሉ። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 28 ቀን 2017 ጀምሮ የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። በጨርቅ ከረጢት ቀይሩት።
- ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ስስ የጥጥ ልብስ ያዙ፤ ለወንድም ለሴትም። ነጠላ ይጠቅማል፦ ከፀሐይም ይከልላል፣ ጀልባ ላይም ከነፋስ ያድናል።
- ውኃ የሚገባበት፣ ተረከዙ የተያዘ ጫማ ያዙ። ሸበጥ ጭቃ ውስጥ ይቀራል።
- የማቅለሽለሽ መድኃኒት፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የእጅ ባትሪ፣ ውኃ የማያስገባ ትንሽ ቦርሳ አትርሱ።
- ድሮን ቤት ተዉት። ፈቃድ ይጠይቃል፣ አካባቢውም የጦር ኃይል ያለበት ነው። ወታደርና የጥበቃ ጀልባም ፎቶ አታንሱ።

ደረጃ 5፦ ከማንዳ ወደ ላሙ ተሻገሩ

የምታርፉት ላሙ ላይ አይደለም፤ ከፊት ለፊቷ ባለችው ማንዳ ደሴት ላይ ነው። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከወረደ በኋላ ነው።

1. ከመሄዳችሁ በፊት ማረፊያችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ «ጀልባ ትልካላችሁ ወይ?» እና «የሕዝብ ጀልባ ዋጋው ስንት ነው?»
2. ከአውሮፕላን ማረፊያው እስከ ጀልባው መሳፈሪያ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። ዕቃችሁን ለመያዝ የሚሻሙ ልጆች ይመጣሉ። አንድ ሰው ምረጡ፣ ዋጋ ተስማሙ፣ ሌሎቹን በጨዋነት «አሳንቴ» (አመሰግናለሁ) በሉና እለፉ።
3. ጀልባው ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ዋጋውንና መድረሻውን ተናገሩ። ላሙ ከተማና የሼላ መንደር የተለያዩ ናቸው፤ ሼላ ከከተማው በስተደቡብ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።
4. ባሕሩ ጎድሎ ከሆነ የመሳፈሪያው የታችኛው ደረጃ አረንጓዴ ሽበት ይዞ ይታያል። በጣም ያንሸራትታል። ቦርሳውን አስቀድማችሁ አቀብሉ፣ ሁለት እጃችሁን ባዶ አድርጉ፣ ከዚያ ውረዱ።

*ማንም ካልጠበቃችሁ፦* አትደንግጡ። ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ተጋርታችሁ ወደ ላሙ ከተማ ተሻገሩ፤ መሻገሪያው 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ማረፊያው ሼላ ቢሆንም ከከተማው ሌላ ጀልባ ይገኛል።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያውን ቀን በእግር ዋሉ

በደረሳችሁ ዕለት ጀልባ አትከራዩ። ሙቀቱን መልመድ፣ ዋጋ መስማት፣ ከተማውን ማወቅ ይቅደም።

1. ዋናዎቹን ሁለት መስመሮች ያዙ፤ አንዱ የባሕሩ ዳር መንገድ ነው፣ ሌላው ከእሱ ጋር ጎን ለጎን በውስጥ የሚሄደው የሱቆች መንገድ ነው። ቀሪው ሁሉ ጠባብ መተላለፊያ ነው።
2. ከጠፋችሁ ወደ ቁልቁለቱ ሂዱ። ከተማው በተዳፋት ላይ ስለተሠራ ቁልቁለቱ ባሕሩ ዳር ያወጣችኋል።
3. አህያ ሲመጣ ግድግዳ ተጠጉ። የድንጋይ ጭነት የያዘ አህያ አይቆምላችሁም።
4. ጠዋት በባሕሩ ዳር ያለውን የላሙ ሙዚየም እዩ፤ የነገውን ጀልባ ስትመርጡ እዚያ ያያችኋቸው የጀልባ ዓይነቶች ይጠቅሟችኋል። ቀጥላችሁ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1821 የተሠራውን ምሽግና የስዋሂሊ ቤት ሙዚየሙን ጎብኙ። የመግቢያ ዋጋው ለኬንያውያን፣ ለምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮችና ለሌሎች ይለያያል። ኢትዮጵያ የማኅበረሰቡ አባል ስላልሆነች የምትከፍሉት የውጭ ጎብኚ ዋጋ ነው፤ በር ላይ አትከራከሩ።
5. ከሰዓት በኋላ ጥላ ሲረዝም ወደ ሼላ በእግር ሂዱ፤ 45 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ባሕሩ በጣም ሲሞላ የዳሩ መንገድ በከፊል በውኃ ሊያዝ ስለሚችል ሰንጠረዣችሁን እዩ።

ላሙ የቆየ የሙስሊም ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ሰው ስለሚኖርበት ጭምር ነው። መስጊድ ሳይጋብዟችሁ አትግቡ። ሴቶችን ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። በሰው ቤት ደጃፍ ባለው መደብ ላይ ሳትጠይቁ አትቀመጡ። የአልኮል ጠርሙስ ይዛችሁ በመንገድ አትዙሩ። ሰላምታ ስጡ፤ ከሰላምታ በፊት ጥያቄ ማቅረብ እዚያም እንደ እኛ አገር ነውር ነው።

*ማስጠንቀቂያ ለዋናተኛም ላልሆነም፦* ከሼላ የሚጀምረው የአሸዋ ዳርቻ 12 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከመንደሩ በራቀ ቁጥር ክፍት ውቅያኖስ ነው፤ የሚያድን ጠባቂ የለም። ውኃው ወደ ውጭ ሲሄድ በመተላለፊያው በኩል ኃይለኛ ፍሰት አለ። ዋና የማትችሉ ከጉልበት በላይ አትግቡ። የምትችሉም ብቻችሁን አትግቡ፤ በሐይቅ የተማሩት ዋና ለውቅያኖስ ፍሰት አይበቃም።

ደረጃ 7፦ ጀልባ ተከራዩ

ባሕሩ ዳር ስትደርሱ «ካፒቴን ነኝ» የሚል ሰው ይቀርባችኋል። ብዙ ጊዜ ደላላ ነው። ደላላ መሆኑ ጥፋት የለውም፤ ስምምነቱን ግን ጀልባውን ከሚነዳው ሰው፣ ከናሆዳው ጋር አድርጉ።

1. *ጀልባውን በዓይናችሁ እዩ።* ስዕል ወይም የስልክ ፎቶ አይበቃም። ወደ ውስጥ የገባ ውኃ ካለ ምን ያህል እንደሆነ ተመልከቱ። ትንሽ ውኃ የእንጨት ጀልባ ባሕርይ ነው፤ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ከሆነ ግን ሌላ ፈልጉ።
2. *ላይፍ ጃኬት በቁጥራችሁ ልክ አስቆጥሩ።* «እናመጣለን» አይሠራም። ለልጆች በልካቸው መሆኑን አስሞክሩ። ጀልባው ከመነሳቱ በፊት ልበሱ።
3. *ሞተር እንዳለው ጠይቁ።* የላሙ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ማየቱም መጓዙም ያስደስታል። ነፋስ ሲሞት ግን የሚመልሳችሁ ሞተር ነው። ሞተሩን አስነሥተው እንዲያሳዩአችሁ አድርጉ፤ ነዳጁ በማን እንደሆነም ተስማሙ።
4. *ዋጋው ለጀልባው ሁሉ ነው ወይስ በሰው?* ጥሉ የሚነሳው ብዙ ጊዜ ከዚህ ላይ ነው። በሺሊንግ፣ ለጀልባው በሙሉ፣ ከመነሻ እስከ መመለሻ ብላችሁ ተዋዋሉ። ምሳ፣ ውኃ፣ የፍርስራሹ መግቢያ ይካተት አይካተት በግልጽ ይነገር። አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ሁለት ሦስት ሰው ጠይቁ፤ ዋጋው ራሱ ይገለጣል።
5. *ሰንጠረዡን አሳዩት።* «ነገ ሙላቱ ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። ሳያመነታ ከወረቀታችሁ ጋር የሚቀራረብ ሰዓት ከነገራችሁ ሥራውን ያውቃል። «መቼም ይሆናል» ካላችሁ ሌላ ናሆዳ ፈልጉ። እኔ ለጀልበኛ መምረጫ ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላገኘሁም።
6. ግማሹን ስትነሱ፣ ግማሹን ስትመለሱ ክፈሉ። ወረቀት ላይ ጻፉት፤ ስልክ ቁጥር ተለዋወጡና ለማረፊያችሁም ተዉላቸው።
7. ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት መሬት ላይ ሁኑ። ጨለማ ከወረደ በኋላ ባሕር ላይ አትቆዩ፤ ለጸጥታውም ለአደጋውም አይበጅም።

*ጠዋት ላይ ሌላ ጀልባ ይዘው ከመጡ፦* አትሳፈሩ። ትናንት ያያችሁት እንዲመጣ ጠይቁ፤ ካልሆነ ከቁጥር 1 እስከ 3 ያለውን እንደገና አድርጉ። መቸኮላቸውን ምክንያት አድርጋችሁ አትለፉ።

*ካቅለሸለሻችሁ፦* ስልክ አትዩ፤ ዓይናችሁን ከሩቁ የመሬት መስመር ላይ ትከሉ፤ በጀልባው መካከል ተቀመጡ። መድኃኒቱ የሚሠራው ከመነሳታችሁ በፊት ከተወሰደ ነው። በባዶ ሆድ አትውጡ፤ ዘይት የበዛበት ቁርስም አትብሉ።

ደረጃ 8፦ ታክዋ

ታክዋ በማንዳ ደሴት ላይ ያለ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ሰው የለቀቀው የስዋሂሊ ከተማ ፍርስራሽ ነው። መንገዱ በማንግሮቭ መካከል የሚገባ ጠባብ የባሕር ክንድ ነው። ይህ መግቢያ የሚያልፈው ውኃ ሲሞላ ብቻ ነው።

ሙላቱ ጠዋት 3:20 የሆነበት ቀን ያዛችሁ እንበል። እንዲህ አድርጉ፦

1. ከ1 ሰዓት በፊት ቁርስ ጨርሱ፤ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በሞተር ከላሙ ተነሱ። በሸራ ብቻ ከሆነ ከዚያም ቀደም ብላችሁ ውጡ።
2. 2:20 ላይ፣ ማለትም ከሙላቱ አንድ ሰዓት በፊት፣ መግቢያው አፍ ላይ ሁኑ። ውኃው ገና እየገባ ስለሆነ ጀልባው ቢነካ እንኳ የሚመጣው ውኃ ያነሳዋል።
3. ስትወርዱ ከናሆዳው ጋር የመመለሻ ሰዓት ተስማሙ፦ 4 ሰዓት። የእጅ ሰዓታችሁን ከእሱ ሰዓት ጋር አመሳክሩ።
4. መስጊዱንና የምሰሶ መቃብሩን እዩ። ግድግዳ ላይ አትውጡ፤ የኮራል ድንጋዩ ይፈርሳል።
5. 4 ሰዓት ላይ ጀልባው ውስጥ ሁኑ። «አሥር ደቂቃ ብቻ» የሚል ጓደኛ ካላችሁ ከላይ የጻፍኩትን የሦስተኛ ሰዓት ሒሳብ አስታውሱት።

ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ሙላቱም ዝቅ ያለ ስለሆነ ትልቅ ጀልባ ላያስገባ ይችላል። በዚያ ሳምንት ትንሽና ጥልቀቱ ያነሰ ጀልባ ያዙ፤ ናሆዳው በትናንቱ ሙላት ማን እንደገባ ያውቃል፤ ጠይቁት።

*ጭቃ ላይ ከቀራችሁ፦* ወርዳችሁ ለመግፋት አትሞክሩ። በማንግሮቭ ሥር ያለው ጭቃ እግር ይውጣል፤ ሥሮቹ ላይ የተጣበቁት ዛጎሎች እንደ ምላጭ ይቆርጣሉ። ማረፊያችሁን ደውላችሁ አሳውቁ፣ ሸራውን ዘርግታችሁ ጥላ አድርጉ፣ ውኃችሁን በሰዓት ከፋፍሉ። ውኃው እንዲመለስ ሰዓታት መጠበቅ ሊኖርባችሁ ነው። ስለዚህ ለግማሽ ቀን ጉዞ እንኳ ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ውኃ ያዙ። እኔ የመጀመሪያ ጊዜ አንድ ጠርሙስ ይዤ ሄጄ ከናሆዳው ጀሪካን ለምኜ ጠጥቻለሁ።

*እግራችሁ ከተቆረጠ፦* በንጹሕ ውኃና በሳሙና እጠቡ፣ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ ሂዱ። የባሕር ቁስል በቶሎ ያመረቅዛል።

ከታክዋ አልፋችሁ ፓቴ ደሴት ለመሄድ ካሰባችሁ፣ በማንዳና በዋናው መሬት መካከል ያለው የምካንዳ መተላለፊያም የሚያልፈው በሙላት ነው። ያ የአንድ ቀን ጉዞ አይደለም፤ ማደሪያ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስለ ጸጥታውም በዚያው ሳምንት ጠይቁ።

ደረጃ 9፦ ጀልባ ወደሚሠራበት ማቶንዶኒ ሂዱ

ላሙ የባሕር ቅርስ የምትባለው በሙዚየም ስላስቀመጠችው ብቻ አይደለም፤ ዛሬም እጅ ላይ ስላለ ነው። ማቶንዶኒ በላሙ ደሴት ምዕራብ በኩል ያለች መንደር ስትሆን ዳው የሚባለው የእንጨት ሸራ ጀልባ አሁንም በእጅ ይሠራባታል።

1. ዓርብ አትሂዱ። ሰዎቹ ለጁምዓ ሶላት ሥራ ያቆማሉ።
2. በጀልባ ሂዱ፤ ሙላቱን ተከትላችሁ። በእግር ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ጥላ የለውም፣ መንገድ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።
3. ከመነሳታችሁ በፊት በዚያ ሳምንት ጀልባ በሥራ ላይ እንዳለ አስጠይቁ። ትእዛዝ የሌለበት ጊዜ አለ፤ ያኔ የምታዩት ባዶ ዳርቻ ነው።
4. ስትደርሱ መጀመሪያ ከዋናው አናጢ ጋር ሰላምታ ተለዋወጡ። ፎቶ ለማንሳት ፈቃድ ጠይቁ፤ የምትሰጡትን ገንዘብ ስትሄዱ ለእሱ ስጡ እንጂ ለየልጁ አትበትኑ።
5. ምን እንደምታዩ እወቁ። ወረቀት ላይ የተሳለ ንድፍ አታገኙም፤ ልኩ በአናጢው ዓይንና እጅ ነው። ጎባጣዎቹ የጎን አጥንቶች በተፈጥሮ ከጎበጠ እንጨት ይመረጣሉ። በሳንቃዎቹ መካከል ዘይት የጠጣ ጥጥ በመዶሻ ይጠቀጠቃል፤ ካላፋቲ ይሉታል። ያ ሥራ ሲሠራ ከደረሳችሁ ተቀምጣችሁ ስሙት፤ ጥሩ አናጢ የተሞላውን ስንጥቅ በመዶሻው ድምፅ ይለያል።

ደረጃ 10፦ መመለስ

1. ከመውጫችሁ ዋዜማ ሦስት ነገር አረጋግጡ፦ የበረራው ሰዓት (ይቀየራል)፣ ወደ ማንዳ የሚያሻግራችሁ ጀልባ፣ በዚያ ሰዓት ባሕሩ ሙሉ ወይም ጎዶሎ መሆኑን።
2. ባሕሩ በጎደለበት ሰዓት ከሆነ በመሳፈሪያው ደረጃ ዕቃ ማውረድ ጊዜ ይወስዳል። ግማሽ ሰዓት ጨምሩ።
3. ከበረራው ሁለት ሰዓት በፊት ከላሙ ተነሱ። ማንዳ ላይ መጠበቅ ማዶ ሆኖ አውሮፕላን ከማየት ይሻላል።
4. በዚያው ቀን ናይሮቢ ደርሳችሁ ወደ አዲስ አበባ የምትበሩ ከሆነ በሁለቱ በረራዎች መካከል ቢያንስ ስድስት ሰዓት ይኑር። የላሙ አውሮፕላን የሚያርፈው ዊልሰን ከሆነ ናይሮቢ ማደሩ ይሻላል።
5. ከባሕር ዳርቻ ዛጎልና ኮራል አትውሰዱ።

*በረራው ከተሰረዘ፦* ወደ አውቶቡሱ አትሩጡ። ላሙ ከተማ ተመለሱ፣ ለማረፊያችሁ ደውሉና ክፍሉን አንድ ሌሊት አስጨምሩ፣ ከአየር መንገዱ ቢሮ በአካል ሄዳችሁ የነገውን መቀመጫ አስመዝግቡ። ለዚህ የሚሆን የአንድ ቀን ወጪ ከመጀመሪያው በተለየ ፖስታ አስቀምጡ፤ ማንዳ ላይ ቆማችሁ የምትፈልጉት እሱን ነው።